«ሲቆም እናየዋለን!» «ከቆመማ ምኑ ይታያል?»

«ካልተበላሸ አትነካካው!»

ካልነካካኸውማ መበላሸቱን ማን ይንገርህ?

ይህን አባባል እዚህ ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ በየወፍጮ ቤቱ፣ በየባጃጅ ጋራዡ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር እሰማዋለሁ። ተናጋሪው ጥበብ የተናገረ መስሎት አንገቱን ይነቀንቃል። ማሽን ግን በአባባል አይሄድም፤ የሚሄደው በዘይት፣ በግሪስ፣ በጠበቀ ብሎንና በተወጠረ ቺንጋ ነው። ያረጀ ዕቃ እስከ መቼ ይጠገን? መቼስ ይሰናበት? ጥያቄው የባለ ወፍጮውም የሆስፒታሉም ነው፤ በተለይ ዶላር በተወደደበት በዚህ ዘመን። ሰበብ ለሚያቀርብ ሁሉ መልስ ይዤ መጥቻለሁ። ምላሴ ቢፈጥንም የምናገረው ተቆርቁሬ ነው።

ከወፍጮ ቤቱ ልጀምር፤ የሰፈሩ ሁሉ እንጀራ በዚያ ያልፋልና። ባለ ወፍጮው ትልቅ ሰው ናቸው፤ የምመልስላቸውም በአክብሮት ነው።

«ጋሼ፣ ኩሽኔታው እየጮኸ ነው።»

«ይጩህ! መፍጨቱን አላቆመ።»

«የሚጮኸው እኮ ሊያቆም መሆኑን ሲነግርዎት ነው።»

«ሲቆም እናየዋለን።»

«ከቆመማ ምኑ ይታያል? ያኔ የምትታየው ጤፏን አሸክማ ወደ ሌላ ሰፈር የምትሄደው ደንበኛዎ ናት።»

ኩሽኔታ ድንገት አይሞትም። መጀመሪያ እጅ የማይለየው ንዝረት ይጀምረዋል፤ ቀጥሎ ይጮኻል፤ ቀጥሎ ይሞቃል፤ በመጨረሻ ይነክስና ዘንጉን ይበላል፣ ሞተሩንም ያቃጥላል። በጩኸቱ ጊዜ የቀየረው ሰው የሚከፍለው የኩሽኔታ ዋጋ ብቻ ነው። እስኪነክስ የጠበቀው ግን የኩሽኔታውን፣ ዘንጉን የሚሞላለትን የቶርኖ ባለሙያ፣ የሞተር ጥቅለላውን፣ በላዩም ላይ ወፍጮው የቆመበትን እያንዳንዱን ቀን ይከፍላል። ከነዚህ ሁሉ ትልቁ ወጪ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነው። ደረሰኝ ስለሌለው ግን ማንም አይቆጥረውም። የዛሬው ክርክሬ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ደረሰኝ በሌለው ወጪ ላይ ነው።

«አያቶቻችን ያለ ጥገና ዕቅድ ኖረዋል!»

አያቶቻችንማ ወፍጮ ይወቅሩ ነበር! ድንጋዩ ሲለሰልስ እህሉን ያንሸራትታል እንጂ አይፈጭም፤ ስለዚህ መውቀሪያ ይዘው ፊቱን እንደገና ያሻክሩታል። ድንጋዩ እስኪሰነጠቅ አልጠበቁም። ሠርግ የደገሰች እናት ወፍጮዋን የምታስወቅረው ቀደም ብላ ነው እንጂ እንግዳ በር ላይ ቆሞ አይደለም። ብዙ ጊዜ ተወቅሮ የሳሳውን ድንጋይም በጊዜው ትተው ሌላ ያመጡ ነበር። ጥገናውም፣ ዕቅዱም፣ መተካቱም እዚያው ቤታችን ውስጥ ነበሩ። እኛ ሞተር ስንገዛ ነው የረሳናቸው።

«እሺ አንተ ልጅ፣ መቼ ልሰናበተው ታዲያ? ገና ይሠራል እኮ!»

መሥራቱንማ ይሠራል። ለማን እንደሚሠራ እንቁጠር።

የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ባለ ወፍጮው አንድ ማሽን በ120 ሺህ ብር ገዙ እንበል። ለጥገናና ለቆመበት ቀን በመጀመሪያው ዓመት 10 ሺህ፣ በሁለተኛው 18፣ በሦስተኛው 30፣ በአራተኛው 50፣ በአምስተኛው 80 ሺህ ብር ወጣ። አሁን የመግዣውንና እስከዚያ የወጣውን ሁሉ ደምረን ለኖረበት ዓመት እናካፍል። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ ዓመት 74 ሺህ ብር ፈጀ ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ 59 ሺህ ገደማ ይሆናል። ከአራት ዓመት በኋላ 57 ሺህ ይደርሳል። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ተመልሶ ወደ 61 ሺህ 600 ይወጣል። ዝቅተኛው ቦታ አራተኛው ዓመት ላይ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ቀጣዩ ዓመት የሚበላው ብር እስከ ዛሬ ካለው የዓመት አማካይ ከበለጠ፣ ተተኪውም በተመሳሳይ ዋጋ የሚገኝ ከሆነ፣ ማሽኑ ቢዞርም ዘመኑ አልቋል። በምሳሌያችን አምስተኛው ዓመት 80 ሺህ ጠየቀ፤ አማካዩ 57 ነበር። መሰናበቻው እዚያ ጋ ነበር።

«የገዛሁበትን ብር ገና አልመለሰልኝም!»

ጋሼ፣ የገዙበት ብር ከኪስዎ ከወጣ ቆይቷል፤ በመጠገንም በመጣልም አይመለስም። የሚወስኑት ከነገ ጀምሮ ስለሚወጣው ብር ብቻ ነው። ይህን መቀበል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ብዙ ደህና ነጋዴ የከሰረው በመጥፎ ማሽን ሳይሆን ከመጥፎ ማሽን ጋር እልህ ተጋብቶ ነው።

«ሒሳብ ሠራተኛዬ ዋጋው ዜሮ ገብቷል ብላለች፤ ልጣለው እንዴ?»

መዝገቡ ዜሮ ቢልም ማሽኑ አልሰማም! በ2009 የወጣው የገቢ ግብር ደንብ ለኮምፒዩተር በዓመት 20 በመቶ፣ ለአብዛኛው ሌላ መሣሪያ ደግሞ 15 በመቶ የእርጅና ቅናሽ በቀጥተኛው ስሌት ይፈቅዳል። ይህ ለግብር የተሠራ ቁጥር ነው። በዚህ ስሌት ማሽን ሰባት ዓመት ሳይሞላው ከመዝገብ ያልቃል። በደንብ ተይዞ ከሆነ ግን አሥራ አምስት ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ካልተያዘ ደግሞ ሦስት ዓመት ላይ ይሞታል። ዕድሜውን የሚቆርጠው አያያዙ ነው።

እዚህ ላይ «ፈረንጆቹ በአሥር ዓመት ይጥሉታል፣ እኛም እንጣል» የሚለኝ ዘመናዊ ወዳጅ አለ። ፈረንጅ የሚጥለው የጠጋኙ የሰዓት ክፍያ ከአዲሱ ዕቃ ስለሚከብድበት ነው፤ አንተ ምን ከበደህ? በእኛ አገር ስሌቱ ተገላቢጦሽ ነው። የቶርኖውና የጥቅለላው ባለሙያ በብር ይከፈለዋል፤ አዲሱ ማሽን ግን በዶላር ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአዲሱ ዕቃ ዋጋ ሲዘል የአሮጌው ተጠግኖ የመኖር ዘመን ይረዝማል። ስለዚህ የአምራቹን መጽሐፍ ገልብጦ «አሥር ዓመት ይላል» ማለት አይበቃም፤ ስሌቱን በራሳችን ዋጋ እንደገና መሥራት አለብን።

ጠጋኞቹን ግን እንዳላሞግስ አንድ ነገር ይይዘኛል። ኤሌክትሪክ ሞተር በዕድሜው ዘመን ከሚያስወጣው ገንዘብ አብዛኛውን የሚወስደው መብራቱ ነው እንጂ መግዣው አይደለም። በጥንቃቄ ያልተጠቀለለ ሞተር በእያንዳንዱ ጥቅለላ ጥቂት ብቃት ያጣል፤ ያጣውን ሁሉ በቆጣሪው በኩል ያስከፍላል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ የመብራት ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እያደገ እንዲሄድ ተወስኗል። ሦስት አራት ጊዜ የተጠቀለለ ሞተር ያለው ሰው ቆጣሪውን አንብቦ፣ ከተፈጨው ኩንታል ጋር በየወሩ ያመሳክር። ኩንታሉ እኩል ሆኖ ንባቡ ከጨመረ ሞተሩ በድብቅ እየበላ ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር አልምርም፤ ይቀየር!

እንጀራ የምትጋግረዋ እህቴም ከዚህ አታመልጥም።

«እትዬ፣ ምጣድሽ ተሰንጥቋል፤ አክንባሎውም አይገጥምም።»

«ይጋግርልኛል።»

«ለአንቺ እንጀራ፣ ለሰፈሩ ሙቀት ይጋግራል! የምትከፍዪው ግን ለሁለቱም ነው።»

የቤት ኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ይስባል። በየዕለቱ ለገበያ በሚጋግር ሰው እጅ በስንጥቅና በማይገጥም ክዳን የሚያመልጠው ሙቀት የአክንባሎውን ዋጋ ቶሎ ያስመልሳል። ይህ ውይይት የማያስፈልገው ጥገና ነው።

ባለ ባጃጁ ልጅ ደግሞ ፈጣን ነው፤ መልሱም ፈጣን መሆን አለበት።

«ጋሼ፣ ዘይት ለመቀየር ግማሽ ቀን ይሄድብኛል።»

«ሞተር ለማውረድስ ስንት ቀን ይሄድብሃል?»

«ዘይቱ ገና ጥቁር አልሆነም ብዬ ነው።»

«ኪሎሜትሩን እይ እንጂ ቀለሙን አትይ! ዘይት ሳይጠቁርም ያረጃል።»

«ሥራ በበዛበት ቀን እንዴት ላቁም?»

«አንተ ቀኑን ካልመረጥክ ባጃጁ ይመርጥልሃል። የሚመርጠውም ሁልጊዜ ሥራ የበዛበትን ቀን ነው።»

ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዚያች ባጃጅ የሚበሉ ልጆች አሉት።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤት እንግባ። እዚህ ምላሴ ይበልጥ ይፈጥናል፤ የሚባክነው የሕዝብ ገንዘብ ነውና።

«ለጥገና በጀት የለንም።»

ሰኔ ላይ ለግዢ ከየት መጣ?

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ ለግሪስና ለማጣሪያ «የለም» ሲባል ይከርምና፣ በግንቦትና በሰኔ «ገንዘቡ እንዳይመለስ» ተብሎ ይገዛል። አዲሱ ዕቃ ከካርቶኑ ሳይወጣ፣ አሮጌው በሁለት ብሎን እጦት በግቢው ጥግ ይቆማል። ችግሩ የክፉ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ የበጀቱ አሠራር ራሱ ይገፋፋል። አዲስ መግዣው ካፒታል ከሚባለው ሲመጣ፣ ማደሻው የሚመጣው ከመደበኛው ነው። መደበኛው ደግሞ አስቀድሞ በደመወዝ ተበልቷል። ለጋሽም ቢሆን ሪባን ለሚቆረጥለት አዲስ ማሽን ይሰጣል እንጂ ለማጣሪያ መቀየሪያ የሚሰጥ ብዙ አላየንም። መፍትሔው ግዢ ሲፈቀድ ለዚያው ዕቃ የአምስት ዓመት የጥገና ገንዘብ አብሮ እንዲፈቀድ ማድረግ ነው። የጥገና ገንዘብ ከሌለ ግዢውም አይፈቀድ። ይህ ጭካኔ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ካርቶን ውስጥ ያለ ማሽን በሽተኛ አድኖ እንደሆነ ይንገረኝ።

«የሕክምና መሣሪያ ግን ልዩ ነው፤ ውጭ አገር ካልሄደ አይጠገንም!»

ሳትከፍተው እንዴት አወቅህ?

ሎራ ፔሪና ሮበርት ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት በ16 አገሮች የ112,040 የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ መረመሩ። የገንዘብ አቅማቸው ዝቅተኛ በሆነ ሆስፒታሎች ውስጥ 38.3 በመቶው መሣሪያ ከሥራ ውጭ ነበር። የማልኪን ሌላ ጥናት ግን ተስፋ ይሰጠኛል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከባልደረባው ጋር በ11 አገሮች ከሚገኙ 60 ሆስፒታሎች 2,849 የጥገና ጥያቄዎችን ሰብስቦ ነበር። መሐንዲሶችና የምህንድስና ተማሪዎች በአካባቢው በሚገኝ ዕቃ ብቻ ሞከሩ። ከውጭ አንድም መለዋወጫ ሳይመጣ፣ ከሥራ ውጭ ከነበረው መሣሪያ 72 በመቶ ያህሉ ወደ ሥራ ተመለሰ! ብልሽቱ ምን ነበር? ሩቡ የአተካከልና የአጠቃቀም ሥልጠና ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የኃይል ማቅረቢያ፣ መካኒካዊ ክፍል ነበር። ታቦር ላይ ያለ ጎበዝ ቧንቧ ሠራተኛና ኤሌክትሪሺያን የሚያውቀው ሥራ ነው። «ውጭ አገር ካልሄደ» የሚለው ቃል ስንቱን መሣሪያ በከንቱ ገደለ!

የኦክስጅን ማምረቻዋን ትንሽ ማሽን እንውሰድ፤ ከአየር ናይትሮጅኑን ለይታ ኦክስጅኑን ለሕፃኑ አፍንጫ የምታደርሰውን። ውጫዊ ማጣሪያዋ በየሳምንቱ በውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት። ሥራው ደቂቃ አይፈጅም፤ መለዋወጫም አይጠይቅም። ካልታጠበ አቧራው መጭመቂያውን ያሞቃል፤ እርጥበቱና አቧራው ዘልቆ ናይትሮጅኑን የሚይዘውን ዱቄት ያበላሻል። ዱቄቱ ሲበላሽ ማሽኗ ትጮኻለች፣ ትነፋለች፣ መብራቷም ይበራል፤ የምትሰጠው ግን ተራ አየር እየሆነ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ከ82 በመቶ በታች ኦክስጅን እንዳትሰጥ ይላል። ይህን የሚለካ መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው። መብራቱን አይቶ «ትሠራለች» ያለ ሰው ሕፃኑን አላየውም።

«ጄኔሬተራችን አዲስ ነው፤ ሠርቶ እንኳ አያውቅም!»

ሠርቶ ስለማያውቅ ነው መብራት በጠፋ ቀን የማይነሳው!

ተጠባባቂ ጄኔሬተር በወር አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ፣ ጭነት ተሸክሞ መሥራት አለበት። ካልሠራ ባትሪው ይሞታል፣ ነዳጁ ይበላሻል፣ ጎማዎቹ ይደርቃሉ። ጥበቃው ቁልፉን የያዘበት፣ መካኒኩ ስልኩን ያጠፋበት ሌሊት ላይ ነው ይህ ሁሉ የሚታወቀው።

ሳይሠራ የሚቆም ማሽን ነገር የከተማችንን የሀዋሳን የኢንዱስትሪ ፓርክም ይመለከታል። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ሲመረቅ ማሽኑ ሁሉ አንጸባራቂ ነበር። ጥር ሳይገባ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው ከአጎዋ ዕድል ወጣች፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር ትልቁ ባለሀብት ፒቪኤች መውጣቱን አስታውቆ ነበር። ያን ጊዜ የብዙ እህቶቻችን እንጀራ ተናጋ፤ የማሽኑ ነገር ከሰው በኋላ የሚመጣ ነው። ቢሆንም «ማሽኑ ሥራ ስለፈታ አያረጅም» ያሉኝ ነበሩ። ሥራ የፈታ ማሽን ያረጃል እንጂ! ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ የሞተሩ ጥቅል እርጥበት ይጠጣል፣ ኩሽኔታው በአንድ ቦታ ክብደት ተሸክሞ ይጎደጉዳል። ሥራ ሲቆም ማሽኑ በዘይት ይቀባል፣ ይሸፈናል፣ ዘንጉም በየጊዜው በእጅ ይዞራል። ነገ ገበያው ሲመለስ ሠራተኛዋ የምትጠራው ወደሚሠራ ማሽን እንዲሆን ነው ይህ ሁሉ።

ፓርኩ ፈሳሽ ቆሻሻውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት፣ ወደ ውጭ የማይለቅ ማጣሪያ አለው። ከአካባቢያችን የምኮራበት ነገር ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ማጣሪያ ስስ ሽፋኖች በጊዜው መታጠብና በጥቂት ዓመታት መቀየር አለባቸው። በወፍጮ ቤት የዘገየ ጥገና የሚጎዳው ባለቤቱን ነው። እዚህ ቢዘገይ ግን ሒሳቡን የሚከፍለው የማቅለሚያውን ውኃ ያላስወጣው ሐይቅና በዳሩ አሞራ ገደል ዓሣ የሚበላው ሕዝብ ይሆናል። የዚህ ዓይነት ዕቃ መለዋወጫ አሮጌው ሳይበላሽ በፊት መጋዘን ውስጥ መገኘት አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

«እንግዲያው ሁሉንም ነገር በጊዜ ገደቡ አውልቀን እንቀይር!»

ኧረ ቀስ! አሁን ደግሞ ከወዲያኛው በኩል ወደቅህ።

እ.ኤ.አ. በ1978 የዩናይትድ አየር መንገድ ባለሙያዎች ኖውላንና ሂፕ ያወጡት ሰነድ ብዙ ሰው አስደንግጧል። የአውሮፕላን ክፍሎችን የብልሽት ታሪክ መርምረው፣ በዕድሜ ብዛት የመበላሸት ዝንባሌ ግልጽ ሆኖ የታየባቸው 11 በመቶው ብቻ መሆናቸውን አገኙ። 68 በመቶው የሚበላሹት በተለይ አዲስ ሲገጠሙ ነበር፤ ያን ካለፉ በኋላ ዕድሜያቸው አያሰጋም። ይህ የአውሮፕላን ቁጥር ነው፤ የወፍጮ ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል። ትምህርቱ ግን ለሁላችን ነው። ጤነኛውን ክፍል «ጊዜው ደረሰ» ብሎ ማውለቅ አዲስ ብልሽት መጋበዝ ሊሆን ይችላል። የሚያልቀው እንደ ፍሬን ሸራ፣ ቺንጋ፣ ማጣሪያ ያለው በጊዜው ይቀየር። ሌላው በጆሮ፣ በእጅ ሙቀት፣ በቆጣሪ፣ በዘይቱ ውስጥ በሚታይ የብረት ብናኝ ይመርመር፤ ምልክት ሲያሳይ ይነካ። አምፖል ደግሞ ሲቃጠል ይቀየር፤ ማንም አይሞትበትም። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ነው የዚህ ሥራ እውቀት።

«ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም።»

ቦሌ ምን አገር ነው?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገ ጀምሮ በድሃ አገር ስም ይበራል። አውሮፕላኖቹን ራሱ ይጠግናል፤ የሌሎች አገሮችንም ተቀብሎ ይጠግናል። ፎከር 50 አውሮፕላኖቹ ሲያረጁ ወድቀው አላሰናበቱትም፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኪው 400 ተኳቸው። እያንዳንዱ ክፍል መዝገብ አለው፤ የሰዓቱ ቁጥር ይታወቃል፤ የፈታው ሰው ይፈርማል። ይህን የሚሠሩት ኢትዮጵያውያን ልጆች ናቸው። አልቻልንም የምንለው በገንዘብ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነሱም ባልቻሉ ነበር።

«አዲስ ይገዛልንና ነገሩ ይለቅ!»

አዲስ አበባን ጠይቅ! ቀላል ባቡሯ መስከረም 2008 በ41 ባቡሮች ሥራ ሲጀምር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ነበር። አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከግማሽ የሚበልጡት ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ባቡሩ አዲስ ነበር፤ መለዋወጫው የሚገባበት መንገድና የውጭ ምንዛሪው ግን አብረው አልታቀዱም። በየጠዋቱ ፌርማታ ላይ ተጨናንቆ የሚጠብቀው ሠራተኛ የዚህን ዕዳ በሰዓቱ ይከፍላል።

ከዚያው ከተማ ሌላ ምሳሌ አለኝ። ከሶቪየት ኅብረት የመጣችው ላዳ ታክሲ ሆና ለአሥርት ዓመታት የኖረችው ጠንካራ ስለሆነች ብቻ አልነበረም። የትኛውም ሰፈር ጋራዥ ከፍቶ ያውቃታል፤ ዕቃዋ በየሱቁ ነበር፤ የአንዷ ለሌላዋ ይገጥማል። እኛ ግን በአንድ ግቢ አምስት ፓምፕ ከአምስት አምራች እንገዛለን፤ በየጨረታው ርካሹ ስላሸነፈ። ከዚያ የአንዱ ጓርኒሲዮን ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱ መጽሐፍ በቻይንኛ፣ የሌላው በቱርክኛ ነው። ከመግዛት በፊት «ታቦር ላይ ማን ይከፍተዋል? ዕቃው የት ይገኛል?» ብሎ ያልጠየቀ ገዢ፣ የዋጋውን ግማሽ ብቻ አይቶ ፈርሟል።

«መዝገብ መያዝ የቢሮ ሥራ ነው፤ እኔ መካኒክ ነኝ።»

ወንድሜ፣ አንተ ታስታውሳለህ፤ አንተ ስትሄድስ ማሽኑን ማን ያስታውሰዋል?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ወረቀቱን እመርጣለሁ። አንድ ደብተር ይበቃል። ማሽኑ መቼ ተገዛ፣ በስንት፣ መቼ ቆመ፣ ስንት ቀን ቆመ፣ ምን ተቀየረ፣ ስንት ተከፈለ፣ ማን ሠራው። ይህ ደብተር ካለ ከላይ ያሰላነውን የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ስሌት ማንም ተማሪ ይሠራዋል። ደብተሩ ከሌለ ግን ስለ አሮጌ ማሽን የሚደረግ ስብሰባ ሁሉ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው የሚያሸንፍበት ይሆናል። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ በየዓመቱ ቦታ ይፈልጋሉ። የየትምህርት ቤታችንንና የየጤና ጣቢያችንን ማሽን መዝገብ እነሱ ቢጀምሩልን ለነሱ ትምህርት፣ ለኛ እፎይታ ነው። አስተማሪዎቻቸው ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ አስቡበት።

የታቦር ክፍለ ከተማ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች፣ ለእናንተ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከመጪው ሐምሌ 1 በፊት በየግቢያችሁ የቆመውን ማሽን ሁሉ ዘርዝሩ፤ ፓምፑንም፣ ፎቶ ኮፒውንም፣ ጄኔሬተሩንም፣ የሕክምና መሣሪያውንም። ምን ጎድሎት እንደቆመ፣ ያ ነገር ስንት ብር እንደሆነ ጻፉ። የሚጠገነው በሚቀጥለው በጀት ይጠገን፤ የማይጠገነው በሕጉ መሠረት ይወገድና ቦታውን ይልቀቅ። ዝርዝሩንም ባለጉዳይ በሚያየው ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን ከቆመ ስንት ቀን እንደሆነው ይጻፍበት።